ለበሬው የተወጋው መርፌዬ

ሰቆጣ ሆስፒታል የማህፀን ዕጢ ሊወጣልኝ ቀጠሮ ተይዞልኝ ነበር። ከዚህ ቀደም እግሬ ላይ ደም ረግቶብኝ ስለነበር ነርሷ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዐሥር መርፌ ሰጠችኝ። ጧትና ማታ፣ አምስት ቀን፣ ሆዴን ቆንጠጥ አድርጌ ራሴ እንድወጋ አሳየችኝ። «አንድም እንዳይዘለል፤ ከተዘለለ ቀዶ ጥገናው ይቀራል» አለችኝ።

ዝቋላ ቤቴ ገብቼ የመጀመሪያውን ስወጋ ባሌ ደግሰው ትከሻዬን ይዞ «አይዞሽ፣ አንቺ እንኳን መርፌ ጦርም አትፈሪ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ካርቶኑን ስከፍት ሁለት ጎድሏል።

«አንተ ደግሰው፣ መርፌዬን የት አደረስከው?»

አንገቱን ደፋ። በሬያችን ታሞ ከተኛ ሁለት ቀኑ ነበር።

«ወጋሁት። የከብት ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ መርፌ መርፌ ነው ብዬ።»

«የኔን ዕድሜ በሬ ላይ ሰካኸው?»

«ያለን አንድ እሱ ነው። ከሞተ ከጎረቤት በሬ ጋር በምን ተቀናጅተን እናርሳለን?»

«እኔስ ከሞትኩ?»

አሰበ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ይህ ማሰብ የሚፈልግ ነገር ነው ብዬ አላውቅም ነበር።

የተረፈውን በነጠላዬ ቋጥሬ ሰቆጣ ሄድኩ። ነርሷ ተቆጥታ ቀጠሮዬን በወር አራዘመችው። ወደ ቤቴ አልተመለስኩም፤ እዚያው እህቴ ዝናሽ ዘንድ ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ደግሰው መጥቶ በር ላይ ቆመ። «በሬው ተነሣልሽ» አለኝ።

«ደስ ይበልህ። እንግዲህ ሲያምህ ውሃ የሚያቀብልህ እሱ ነው» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።