ከበሩ ውጭ ያለው በርጩማ

«ሳበው! ሳበው እንጂ፣ እጄ ሊበጠስ ነው!» አለ ተሻገር፣ ከጣራው ጠርዝ ላይ አጎንብሶ።

ሐዲስ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ወደ ኋላ ተንጋለለ። የተቃጠለው የአየር ማቀዝቀዣ፣ የዓደን ሰው ሙከየፍ የሚለው፣ ግድግዳውን እየፋቀ ወጣና ጣራው ላይ ዘጭ አለ። ዕለቱ ዓርብ ነው። የመዓላ ሰፈር ባለ ቤቶች ግን ሙቀት ሲያነዳቸው ዓርብ ነው ሰኞ ነው አይሉም። «አንተ ሙሀንዲስ፣ ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው» ብለው ይደውላሉ፤ ሁለቱ ሐበሾችም መፍቻቸውን አንጠልጥለው ከተፍ ይላሉ።

ሥራው ጋብ ሲል ከውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀመጡና ፉላቸውን መሐላቸው አደረጉ። ከአንድ ሰሃን መብላት የጀመሩት አብረው መሥራት በጀመሩ ሰሞን ነበር፤ ያኔ ሁለት ሰሃን ማዘዝ ቅንጦት ነበር። ኋላ እጃቸው ሲፈታም ሁለተኛ ሰሃን ይምጣ ያለ አልነበረም።

«ዛሬ እሄዳለሁ» አለ ተሻገር ዳቦውን እየቆረሰ።

«ወዴት?»

«አገሬ ነዋ። ለመመለሻው በረራ ተመዝግቤ አልነበር? ትናንት ደወሉልኝ። ከሰዓት በኋላ የዐስር አዛን ሲል ሚኒባስ መጥቶ ይወስደኛል። ከአንተ ቤት ማዕዘን ላይ ታገኙኛላችሁ ብያቸዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ሌላ የት እገኛለሁ?»

ሐዲስ ሊጎርስ ያነሣውን መልሶ ሰሃኑ ላይ አኖረ። «ትናንት ሰምተህ ዛሬ ትነግረኛለህ?»

«ትናንት ብነግርህ ስታለቅስ ልታድር ነው። ዛሬ ይህን ብረት ማን ይስብልኝ ነበር?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም።

«ስልኬንም ሸጥኩት» አለ ተሻገር። «ለእማዬ ጫማ ገዛሁበት። አሁን እንግዲህ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ዛሬ የጌታ እራት አላችሁ አይደል?»

«አለን።»

«አብሬያችሁ ልውሰድ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ መቼ እንደምንገናኝ ማን ያውቃል።»

እሺ ማለት ይቻል ነበር። ቃሏም አጭር ናት። ሐዲስ ግን ወደ ሰሃኑ አቀርቅሮ «ለወንድሞች አቀርባለሁ» አለ።

ተሻገር ፈገግ አለ። «እሷን ነገር እንኳ አውቃታለሁ።»

ያውቃታል፤ ከማንም በላይ ያውቃታል። በዓደን ሁለት የሐበሻ ወንጌላውያን ኅብረቶች ነበሩ። አንደኛው ክሬተር ሰፈር በሐዲስ ክፍል የሚሰበሰበው ነው፤ አምኖ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያልተጠመቀን ሰው ወደ ጌታ እራት አያቀርብም። ሌላው ሼኽ ዑስማን ሰፈር የነበረው የእነ ተሻገር ቤት ነው፤ ሕፃናትን ያጠምቃል፣ ከአባቶቹ የተቀበለውን ሥርዓትም አይለቅም። የሚያነቡት መጽሐፍ አንድ ነው፣ የሚዘምሩት መዝሙር አንድ ነው፤ ማዕዱ ጋ ሲደርሱ ይለያያሉ። ከዓመታት በፊት የእነ ተሻገር ቤት «ጥምቀታችንን ተቀበሉ፣ የእናንተንም እንቀበላለን፣ በይፋ ኅብረት እንመሥርት» የሚል ጥያቄ አቀረበ። እንደ አገር ቤቱ ወግ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው አባላት ሐዲስና ተሻገር ነበሩ፤ ስብሰባቸውም በየጣራው፣ ፉል ሰሃን ዙሪያ ነበር። ሲከራከሩ ፉሉ ይቀዘቅዛል። ሐዲስ ለቤቱ ይዞት የሚሄደው ውጤት ግን ያው ነው፤ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው።

ጉዳዩ በጥናት ላይ ሳለ የሼኽ ዑስማኑ ቤት እየሳሳ ሄደ። ገሚሱ ወደ ሳዑዲ ድንበር እንዳቀና የውኃ ሽታ ሆነ፤ ገሚሱ ተይዞ ታሰረ፤ የቀረው ወደ አገሩ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ ተሻገር ብቻውን ቀረና ወደ ክሬተር መምጣት ጀመረ። አብሮ ይዘምራል፣ አብሮ ቃል ይሰማል፤ ዳቦው ሲነሣ ተነሥቶ ይወጣል። ከወጣም አይቀር ሥራ ተገኘለት። ጸሎት ላይ ሲሆኑ ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው አናት ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ እንዲህ ያለ ስብሰባ በዚህ ከተማ ለማንም የሚነገር አይደለም። ቀድሞ በየተራ ይወጡ ነበር። ተሻገር ከመጣ ወዲህ ተራው የእሱ ብቻ ሆነ። የማያውቀው ሰው ደረጃውን ሲወጣ የብረቱን በር በመዳፉ ይመታል፣ ከውስጥ ጸጥ ይላሉ። ማንም ክፉ አላሰበም። እንዲያውም «ተሻገር ደጅ ካለ አንፈራም» ይሉ ነበር፣ ያውም በፍቅር።

«ራስ ኢምራን፣ ባሕሩ ዳር ልውሰድህ ብዬህ ነበር እኮ» አለ ሐዲስ። «ዓሣ አጥማጆቹ ዞር ሲሉ አንዴ ጥልቅ ብለህ ብትወጣ፣ ይህ ሁሉ ባልመጣ።»

«ያኔ ስመጣ ደላላው ከጀልባው ገፍትሮኝ እስከ አንገቴ ገብቼ የለ? እሱ አይቆጠርልኝም?»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም።» ተሻገር እጁን በሱሪው ጠረገ። «እማዬ ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች። እኔን ስትወልድ አቅፋ ወስዳ ለጌታ ሰጠችኝ። ቄሱ ውኃውን ሲያፈሱብኝ እንዴት እንዳለቀስኩ እስከ ዛሬ ታወራለች። አሁን ሄጄ እንደገና ብጠመቅ፣ ያኔ የሰጠሽው አልደረሰም ማለቴ ነው። እንግዲህ ነገ ከነገ ወዲያ ፊቷን አያለሁ። ምን ብዬ ልያት?»

ሐዲስ ለዚህ የሚለው ነበረው፤ ለማንም ተናግሮት ግን አያውቅም። እሱም በሕፃንነቱ የተጠመቀ ነው። ጎረምሳ ሆኖ ወንጌል ሲሰማ ብላቴ ወንዝ ገብቶ ዳግመኛ ተጠመቀ። አባቱ ሲሰሙ «አንዴ ያስጠመቅኩትን ልጅ ማን ነው የደገመው? እኔ አረመኔ ነበርኩ?» ብለው ከቤት አስወጡት። ሳይታረቁ ሞቱ። እንግዲህ የተሻገር ጥምቀት ይበቃል ከተባለ፣ የሐዲስም የመጀመሪያው ይበቃ ነበር፤ ይበቃ ከነበረ ደግሞ አባቱን ያጣው በከንቱ ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣበት ጥቅስ መደርደር ይጀምራል። ተሻገርም ጥቅሱን እየሰማ ፉሉን ይበላል።

ከጁምዓ በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሐዲስ ክፍል ወጡ። ምድር ቤት በረዶ የምትሸጠው ሱዓድ፣ የሕንጻው ባለቤት፣ ሁሉንም ታያለች፤ ማን ናችሁ ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም። የጎረቤት ሱቅ ማጡር እየተንደቀደቀ ስለነበር እንደ ልባቸው ዘመሩ፤ መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተሩ ሲጮህ ነው የሚዘምሩት። ከዚያ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ይመኙሻል የጋገረችውን ዳቦና ዘቢብ አፍልታ ያመጣችውን ጭማቂ ከዘንቢሏ አወጣች። ተሻገር ማንም ሳይነግረው ተነሣ። ትንሽ ሻንጣውን አንሥቶ ሲወጣ ሐዲስን አየት አደረገው።

በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ። ሐዲስ ጉዳዩን አቀረበ። ሲያቀርበው ግን «እኔ እንደሚመስለኝ» የምትለዋን ቃል ዘሎ «ወንድማችን እንዲህ ይላል» ብሎ ተቀመጠ።

«ኅብረት የሚመሠረተው ከቤት ጋር ነው» አሉ ጋሽ ዓለሙ፣ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ። «ያ ቤት አሁን የታለ? ከአንድ ሰው ጋር ምን ዓይነት ስምምነት ይደረጋል? ዛሬ ለእሱ ብለን ሥርዓታችንን ካፈረስን፣ ነገ ለሚመጣው ምን እንመልሳለን?»

ጋሽ ዓለሙ ክፉ ሰው አይደሉም። ተሻገር በወባ ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ተቀምጠው ያደሩት እሳቸው ናቸው። ሥርዓት ሲላላ ቤት ሲፈርስ ያዩ ሰው ናቸውና ይፈራሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ይመኙሻል። «ይህን ዳቦ የጋገርኩት በእመቤቴ ምድጃ ነው። ዱቄቱንም የሰጠችኝ እሷ ናት፣ ሙስሊሟ። እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የሚበላውን ሰው ግን በወንፊት እንነፋለን። እሱ እኮ ይኸው ደጅ ተቀምጦ እየጠበቀን ነው!»

«ስሜት ሌላ ነው፣ ትምህርት ሌላ ነው፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ትምህርቱን ያስተምሩኝ። ጌታ እሱን ተቀብሎታል ወይስ አልተቀበለውም?»

ጋሽ ዓለሙ መጽሐፋቸውን ገለጡ። ሌላው ተነሥቶ ጥቅስ አነበበ፤ ሌላውም በሌላ ጥቅስ መለሰለት። አንዱ ነገሩ እስከሚቀጥለው ወር ይጠና ሲል፣ «እስከዚያማ እናቱ ቤት ነው!» ብላ ይመኙሻል ጮኸችበት። ሐዲስ ሁለቱንም ወገን እየሰማ ላቡን ይጠርጋል። አንድ ቃል ቢናገር ሚዛኑ እንደሚደፋ ያውቃል፤ ሁልጊዜም ያውቅ ነበር።

የዐስር አዛን ተሰማ። አዛኑ እንዳለቀ በሩ ተንኳኳ።

በጣት ነበር የተንኳኳው፣ ቀስ ተብሎ። የሁሉም ዓይን ወደ ሐዲስ ዞረ። አደጋ ሲመጣ በሩ የሚመታው በመዳፍ ነው፤ ይህ ግን ጠዋት ጠዋት ሐዲስን ለሥራ የሚቀሰቅሰው የተሻገር ጣት ነው። ሐዲስ አላጣውም። ተነሥቶ መክፈት ነበረበት። ግን ከፍቶ ምን ሊለው ነው? አሁንም በጥናት ላይ ነን? አሁንም ቆየን? ባዶ እጁን ቆሞ የተሻገርን ዓይን ማየት ፈራ። ትንሽ ጊዜ፣ መልሱ እስኪገኝ ትንሽ ጊዜ ፈለገ። እጁን አነሣና «ዝም» የሚል ምልክት ሰጠ።

ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። እንደገና ተንኳኳ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

«ማን ይሆን?» አሉ ጋሽ ዓለሙ በሹክሹክታ።

«እንጃ» አለ ሐዲስ። ወዲያው ግን ድምፁ ተለወጠ። «በቃ፣ እጅ እናውጣ። የተሻገርን ጥምቀት የምንቀበል፣ ማዕዳችንም አንድ ይሁን የምንል።» የራሱን እጅ አስቀድሞ አነሣ።

ጋሽ ዓለሙ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። እስከ ዛሬ ከእሳቸው ጋር የቆመ ሰው ነው። ይመኙሻል አነሣች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ሽማግሌው በመጨረሻ «እኔም አልቃወምም። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነን» አሉ። ያን ያህል ዓመት የጠበቀ ነገር ውኃ ለመጠጣት በማይበቃ ጊዜ አለቀ።

ሐዲስ መቀርቀሪያውን ስቦ ወጣ። በርጩማው ባዶ ነበር።

«ያ ሐዲስ!» አለች ሱዓድ ከታች፣ በአረብኛዋ። «ሰውየህ ሄደ እኮ! ወላሂ አንኳኳ፣ ቆመ፣ ደግሞ አንኳኳ። ሚኒባሱ ጥሩንባውን ሲያቀልጠው ነበር። ጮኸህ ጥራቸው እንጂ ስለው፣ ይሰሙኛል አለኝ። ከዚያ 'ኻላስ፣ በቃ፣ ገባኝ' ብሎ ሻንጣውን አንሥቶ ወረደ።»

ሐዲስ ደረጃውን ሦስት አራቱን እየዘለለ ወደ መንገድ ወጣ። ማዕዘኑ ላይ አንድ ድመት ከቀለጠው በረዶ ውኃ ትልሳለች። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ የተሻገርን ስም እንዳየ ጠዋት ስልኬን ሸጥኩት ማለቱ ትዝ አለውና መልሶ ከተተው። ገባኝ ያለው ምኑን ነው? ዝምታቸውን ነዋ። የዓመታት ጥያቄውን መልስ ይዞ ሄዷል፤ ያውም የተሳሳተውን። ሐዲስ ከአንድ ሰሃን አብሮት ለበላ ሰው አንድ በር መክፈት አቅቶታል።

ሲመለስ ዳቦው ነጭ ጨርቁ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሁሉም ከፊቱ አንብበው አቀርቅረዋል። ይመኙሻል በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አሉ ጋሽ ዓለሙ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ውሳኔው ውሳኔ ነው። ለእሱም እንጸልይለት። ተራው የአንተ ነው፣ ወንድም ሐዲስ። ባርከህ ቁረስልን።»

ሐዲስ ዳቦውን አየው። «በሩን ማን ይጠብቃል?» አለ።

ይህን ጥያቄ ከጠየቁ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

«ዛሬ ቶሎ እንጨርስ» አለ አንዱ።

«አይሆንም። እኔ እወጣለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቁረሱ።»

«ያንተን ላምጣልህ?» አለች ይመኙሻል ከኋላው ተነሥታ። «ደጅ ሆነህ ትወስዳለህ።»

«አይ» አለ ሐዲስ። «ደጅ ላለ ሰው አውጥተን አናውቅም።»

ወጥቶ በሩን ገጠመው። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ደረጃውን መጠበቅ ጀመረ።