መኪናው ላይ የወጣው የሚሪም ቃል

ጉንሞ ጌም ላይ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው። አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ስህተቱን ለቃቅሞ የተጫዋቾቹ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሳያወጣው እንቅልፍ አይወስደውም። «የዘንድሮ ጌም ሠሪዎች ሩዙ ሳይበስል ክዳኑን ከፍተው ብሉ ይሉናል፤ የቀረውን በአፕዴት እናበስለዋለን ነው ነገሩ» ብሎ ሲጽፍ አንባቢው ይስቃል፣ ያደንቀዋል። እሱም ይህችን አድናቆት ለምዷታል።

«የደሴት ቤት» የሚባለው ጌም ግን ባሰ። አዲሱ አፕዴት በወጣ ማግስት ሰዎች ለዓመታት የሠሯቸው ቤቶች ድራሻቸው ጠፋ። ኩባንያው ትንፍሽ አላለም። ተጫዋቾቹም እንደ አገራቸው የተቃውሞ ወግ ትልቅ ስክሪን የተጫነበት መኪና ተከራይተው ጌም ሠሪዎች በሞሉበት በፓንግዮ ሰፈር፣ ኩባንያው በር ላይ ሊያቆሙ ተስማሙ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቃል በተጫዋቾቹ ድምፅ ይመረጣል።

ጉንሞ የሚመረጠው የሱ እንደሚሆን አልተጠራጠረም። ስህተቶቹን አንድ በአንድ እየነቀሰ፣ ችሎት የሚቀርብ የሚመስል ረጅም ጽሑፍ አዘጋጀ። ሁለተኛ ወጣ። ያሸነፈችው ሚሪም ናት፤ ጌሙን ያስተማራት እሱ፣ «ጋሼ» እያለች የምትጠራውም እሱን። የጻፈችው ይህን ብቻ ነበር፦ «እናቴ ከመሞቷ በፊት የሠራችው ቤት እዚያ ነበር። መልሱልኝ።»

መኪናው በቆመበት ቀን ጉንሞ ከሥራ ቀርቶ ሊያይ ሄደ። የኩባንያው ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ ስክሪኑ ሥር ቆመው አነበቡ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ጉንሞ ሚሪምን በእናቷ ሞት ሳይቀር ቀናባት፤ እንዲህ ያለ ሐዘን እኔ ባገኝ የት በደረስኩ ነበር ብሎ አሰበ። የሱ እናት ግን ደህና ናት፤ በየጊዜው ኪምቺ የሚባለውን የጎመን አቻር እየላከች ታስቸግረዋለች።

ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል። ጉንሞን የጀመረው ከጣቱ ነው። እዚያው እንደቆመ ስልኩን አወጣና መድረኩ ላይ በማይታወቅ ስም ጻፈ፦ «የሚሪም እናት በሕይወት አለች። ውሸቷን ነው።»

ጉድ ፈላ።

«እኛን ነው የምታስለቅሺው? ማስረጃ አምጪ» አለ አንዱ።

«ምነው፣ እናትን በቁም መቅበር?» አለ ሌላው። «ቃሏ ይውረድ፣ የጉንሞ ይውጣ።»

ጉንሞ ይህን እያነበበ ፊቱ ሲፈካ ሚሪም መለሰች፦ «የእናቴን የሞት ወረቀት አልለጥፍላችሁም። ጋሼ ጉንሞ ለቅሶ መጥቷል፤ እሱን ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። «ጉንሞ፣ አንተ ካልክ እናምናለን።»

እውነቷን ነው፣ ሄዷል። ጫማውን አውልቆ ለሟቿ ፎቶ ሰግዷል፤ የለቅሶውን ቀይ የሥጋ ሾርባ በልቷል፤ «ጋሼ፣ ምንም አልበላህም እኮ» ብላ የጨመረችለት ሚሪም ራሷ ናት። አሁን ዝም ቢል አለቀላት። መኪናው ላይ የሱ ጽሑፍ ይወጣል። ያን ሾርባ በልቶ መካድ ግን አልሆነለትም፤ ጻፈ፦ «ነበርኩ። የለቅሶዋን ሾርባ በልቻለሁ። እናቷ ሞታለች።»

በዕድሜው ያን ያህል ላይክ አግኝቶ አያውቅም። «ሰው ማለት እንዳንተ ነው» አሉት። ያንን ስም የለሽ ውሸታም ግን ፈልገን ማንነቱን እናወጣለን ብለው ሲዝቱ ሚሪም ገባች፦ «ተዉት። ማን እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም። እናቴ ብትኖር ራት ጋብዢው ነበር የምትለኝ።»

ጉንሞ ደጋግሞ አነበበው። አፈረ፤ ዕንባውም መጣ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወርዶ ሚሪም ያገኘችውን የላይክ ቁጥር አየ። ከሱ ይበልጥ ነበር።