የእማማ ዳሲቱ ጉርሻ

ባሌን የሺዋስን የሐሞት ጠጠር ከያዘው ወዲህ ቤታችን ሰላም አያውቅም። ሕመሙ ሲነሳበት ቂሊንጦ በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑን ጥሎ መሬት ላይ ይንከባለላል። አለቃው «እንዲህ እያልክ ከቀጠልክ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎታል። የቀዶ ጥገና ተራ ለማግኘት ደጅ የጠናነውን፣ ኧረ ተዉኝ! በስንት መከራ ተራው ደረሰ።

ዋዜማው ላይ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ማደንዘዣ የምትሰጠው ሩት አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ አስረዳችን።

«ከእራት በኋላ ምንም እንዳትበላ። በማደንዘዣ ስትተኛ ጉሮሮህም አብሮህ ይተኛል። ሆድህ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባህ ውስጥ ይገባል። ሰው ይሞትበታል» አለችው።

ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይነገር? የሺዋስ ራሱን ነቀነቀ። እናቱ እማማ ዳሲቱ ግን ያኔ አልነበሩም፣ ጦሙን እንደሚያድር እንጂ ለምን እንደሆነ አልሰሙም።

በማግስቱ ጠዋት ይገባል የተባለው ሰው፣ መጀመሪያ መብራት ጠፋ፣ ከዚያ ድንገተኛ ወላድ ቀደመችው፣ ረፋዱ ሄደ። እኔ የታዘዘ መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። በዚህ መሃል እማማ ዳሲቱ ከሳሪስ ባለ ክዳን ሳህን ይዘው ከተፍ አሉ።

እኔ የምነግደው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ነው፣ ለጠያቂ ሳሙናና ብስኩት እሸጣለሁ። እዚያ ምግብ ያመጣ ሰው ራሱ ቀምሶ፣ ተፈትሾ ነው የሚያስገባው። እዚህ ግን ጥበቃው ነጠላቸውን አይቶ «እናት፣ ይግቡ» ብሎ አሳለፋቸው። አይ ፍተሻ!

ስመለስ የሺዋስን በአልጋ እየገፉ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ይወስዱታል። ግንባሩን ልስመው ጎንበስ ስል የዶሮ ወጥ ሸተተኝ። ጢሙ ላይ ቀይ ነገር አለ።

«የሺ፣ በልተሃል እንዴ?»

«ቀስ በይ!» አለኝ በሹክሹክታ። «እማዬ በሞቴ አለችኝ። እናቴ በሞቴ ብላ እጇን ዘርግታ እንዴት እምቢ ልበል? ሁለት ጉርሻ ናት። ዝም በይ፣ ተራዬ ያልፋል።»

ብናገር ተራው ይሄዳል፣ ምናልባት ሥራውም አብሮ ይሄዳል። ዝም ብል ደግሞ ሬሳውን ልረከብ ነው። በሩ ጋ ሩት «ምንም አልበላህም አይደል?» ስትለው ሰማሁ።

«ኧረ ምንም አልቀመስኩም!» አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። «ዶሮ በልቷል! እንዳታስተኚው!»

ሩት አልጋውን አስቆመች። ጠጋ ብላ ጢሙን አየችና ተነፈሰች። ሐኪሙ ከውስጥ ወጥቶ «ስንት ሰው ይህንን ቀን እየጠበቀ!» ብሎ ተመልሶ ገባ።

«ሆዱ ባዶ እስኪሆን ብንጠብቅ የዛሬው ሰዓት ያልቃል» አለች ሩት። «ከበዓል በኋላ እንደውላለን።»

ከበዓል በኋላ! የትኛው በዓል? እዚህ አገር በዓል መቼ አልቆ ያውቃል?

አልጋውን ተከትለው የመጡት እማማ ዳሲቱ ደግሞ እኔ ላይ ተነሱብኝ። «በሁለት ጉርሻ ልጄን ከተራው ታስወጪዋለሽ? በባዶ አንጀቱ ቢላ ይግባበት ነው የምትዪው? ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ!» የሺዋስም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረብኝ። እነሱ አጥፍተው ተሰዳቢዋ እኔ!

ሩት የእማማን ክንድ ያዝ አደረገች። «እማማ፣ ያ ጉርሻ ተኝቶ ሳለ ወደ ሳንባው ቢገባ ልጅዎ ላይነቃ ይችል ነበር። ሚስቱ ባትጮህ ኖሮ አስተኝቼው ነበር።»

እማማ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«በዚህ በእጄ?» አሉ። «እኔ እናቱ?»

አልጋው ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የሺዋስ ሳያፍር «እንግዲህ ከቀረ ልብላዋ» አለ። እማማ ሳህኑን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«አይሆንም።»

«አሁንማ ችግር የለውም እኮ፣ ቀርቷል» አልኳቸው።

«ከእንግዲህ ከእኔ እጅ አይጎርስም። እሱ ጦሙን እያደረ ምን አፍ አለኝ ብዬ እኔም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ለካ ልገድለው ኖሯል የመጣሁት!»

ንዴቴ አልበረደም፣ ልዋሽ አልችልም። ግን ሴትዮዋ አሳዘኑኝ። ሳህኑን ከእጃቸው ነጥቄ ከፈትኩት፣ ዶሮዋን በእንጀራ ጠቅልዬ አፋቸው ድረስ ወሰድኩ።

«አልበላም፣ ልጄ።»

«በሞቴ» አልኳቸው።

አፋቸውን ከፈቱ። እያለቀሱ አላመጡ።

«ለእኔስ?» አለ የሺዋስ ከአልጋው ላይ።

«አንተ ዝም በል!» አልነው፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ።