የቪዛ ኮት

"ክንድሽን አስገቢ እንጂ! ኮት ነው እኮ፣ እባብ መሰለሽ?" አለ ፎቶ አንሺው፣ ጥቁሩን ኮት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

አጣቢዋ ወደ ኋላ ሸሸች። ከኮቱ በፊት ሽታው ደርሶባት ነበር፤ የደረቀ ላብ፣ ርካሽ ሽቶ፣ የሲጋራ ጭስ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ እንደ እርጥብ ውሻ ያለ ነገር። አንገትጌው ከቅባት ብዛት ያብለጨልጫል። ብብቱ ላይ የላብ ጨው ነጭ መስመር እየሠራ ተደራርቧል። በሆቴል ላውንደሪ የስንቱን አንሶላና የስንቱን ካልሲ ስታጥብ የኖረች ሴት ናትና እድፍ አያስደነግጣትም። ግን በእሷ ሕግ እድፍ የሚሄደው ወደ ውሃ ነው እንጂ ወደ ገላ አይደለም።

"እኔ የሰው እድፍ አጥቤ እንጂ ለብሼ አላውቅም፤" አለች። "በሸሚዜ አንሣኝ።"

"አነሣሻለሁ። ቁልፉ ደግሞ ይመልስሻል።"

ቁልፉ የሚሉት ከመንገዱ ማዶ ያለውን የቆንስላ በር ጠባቂ ነው። ጠዋት አንዴ መልሷታል። ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ የተነሣችውን ጉርድ ፎቶ ገና ከፖስታው ሲመዘው "ኮት የለውም" ብሎ እጇ ላይ ጣለላት። እሷ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መስፈርት ከላይ እስከ ታች አንብባው ነበር፤ ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ የጉዞውን ምክንያት የሚያስረዳ ደብዳቤ፣ ፊት በደንብ የሚታይበት ፎቶ። ኮት የሚል ቃል የለም።

"ወረቀቱ ላይ ኮት አይልም እኮ፤" ብትለው፣

"ወረቀቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው፤ እኔ ያለሁት በሩ ላይ። አንቺ የምትገቢው በግድግዳው ነው ወይስ በበሩ?" አላት።

ሰልፈኛው ሳቀ። ከቁልፉ አነጋገር ይልቅ ያ ሳቅ ነው ያቅለሸለሻት። በገዛ ውርደቱ የሚስቅ ሰው ማየት አትወድም።

ተመልሳ እንዳትሄድ ደግሞ አንጀቷ ማዶ ነው። ታናሽ እህቷ ድንበር ተሻግራ በሰው ቤት ስትሠራ፣ መስኮት ስትወለውል ከፎቅ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። አሠሪዎቿ ሆስፒታል በር ላይ አውርደዋት፣ መኪናቸውን አዙረው ሄደዋል። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናው ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም፣ ግን የሚፈርምና የሚያስታምማት ዘመድ ይምጣ ብለዋል። ከእሷ ሌላ ዘመድ የለም። አውቶቡሱ የሚነሣው ዛሬ አመሻሽ ላይ ነው። ቆንስላው ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ቀትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ሳምንት አይቀበልም።

ፎቶ ቤቷ ጠባብ ናት። አግዳሚው ላይ አንድ አስተማሪና ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት አዛውንት ተራ ይጠብቃሉ። አስተማሪው የራሱን ኮት አጥፎ ክንዱ ላይ አድርጓል፤ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ጠርዙ የተተኮሰ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ኮት አለዎት አይደል? ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አለችው።

"በራሴው ተነሥቼ ነበር። 'ጥቁረቱ አነሰ' ብሎ መለሰኝ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፎቶ አንሺው የቁልፉ የሚስቱ ወንድም ነው ይባላል።"

"እና ዝም አሉ?"

"ምን ላድርግ እህቴ? እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ ባለሥልጣን አይደለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።"

"እርጉዝስ ትወልዳለች። ይሄ ኮት ምን ይወልዳል? ቅማል?"

አዛውንቷ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ፎቶ አንሺው ግን ኮቱን ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለና፣ "የኮራ ይቁም፣ የቸኮለ ይምጣ!" አለ።

ያኔ ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

"እትዬ፣ ጨረስሽ?" ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

"ጨርሻለሁ። የቀረኝ አንዲት ማኅተም ናት።"

"ሐኪሙ መጥቶ ነበር። ነገ ጠዋት ነው አለኝ። ማን ይፈርምልሻል ሲለኝ እህቴ፣ እየመጣች ነው አልኩት። ዋሸሁ እንዴ?"

"አልዋሸሽም።"

"ካልሆነልሽም እኮ ግድ የለም፣ እኔ…"

"ዝም በይ! አፍሽን ለምግብ ክፈቺው።"

ስልኩን ዘጋች። ማንንም ሳታይ ሚስማሩ ጋ ሄደች፤ ኮቱን አውርዳ ክንዷን አስገባች። ገበሩ ቀዝቃዛና ሙጫ ነገር ነው። አንገትጌው ማጅራቷ ላይ ሲያርፍ፣ ከእሷ በፊት የለበሱት ሁሉ በአንድነት የተነፈሱባት መሰላት። ፎቶ አንሺው ከኋላ መጥቶ የሰፋውን ኮት በልብስ መቆንጠጫ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ከቀጭን እስከ ወፍራም፣ ከወንድ እስከ ሴት፣ የሁሉም ልክ የሚወጣው እንዲህ ነው። ከፊት ሲያዩት የተከበረ ሰው፣ ከኋላ ሲያዩት የተሰጣ ልብስ።

"ቀና በይ። ፈገግ አትበይ።"

"የሚያስፈግገኝ ምን አየህብኝ?"

ቁልፉ አዲሱን ፎቶ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየና በሩን ከፈተላት። "አሁን ሰው መሰልሽ!"

አጣቢዋ አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጠችው።

ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ጸሐፊ ማስቲካ ያኝካል። ደብዳቤውን አነበበ፣ የክትባት ካርዱን አገላብጦ አየ። ፎቶውን ግን አላየውም፤ በግንባሩ ደፍቶ ከማመልከቻው ጋር በስቴፕለር መታው።

"ከሰዓት በኋላ መጥተሽ ቪዛሽን ውሰጂ። ለታማሚ ነው፣ ዛሬውኑ ይወጣል።"

የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። ልትሄድ ዞራ ተመለሰች።

"ይቅርታ፣ ፎቶው ላይ ኮት ግዴታ ነው እንዴ?"

"የምን ኮት?"

"ጥቁር ኮት።"

"ፊትሽ ይታይ እንጂ ብርድ ልብስም ብትለብሺ እኔ ምን ገዶኝ?"

"በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ግን…"

"በሩ የእኔ ሥራ አይደለም። ቀጣይ!"

ስትወጣ ፊቷ ነዶ ነበር። ሰልፉ መሐል ቆመችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ስሙኝ! ኮት አያስፈልግም። ጸሐፊውን ራሱን ጠይቄው መጣሁ። በለበሳችሁት ልብስ ግቡ!"

ሰው ሁሉ እሷን ትቶ የቁልፉን ፊት አየ። ቁልፉ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ "በሩን ከዘጋሁት ደግሞ ምንም አያስፈልግም፤" አለ።

አስተማሪው ነበር ቀድሞ የተናገረው። "እህቴ፣ አንቺ ጉዳይሽን ጨርሰሻል። እኛን አታስበጥብጪን።"

"አስተማሪ ነኝ ይላሉ ደግሞ! ምንድን ነው የሚያስተምሩት? ማጎንበስ?"

መልስ አልጠበቀችም። መንገዱን ተሻግራ ፎቶ ቤት ገባች። ፎቶ አንሺው አዛውንቷን ሊያለብስ የያዘውን ኮት ከእጁ ነጠቀችና ደጅ ወዳለው ቧንቧ ወሰደችው። ውሃውን ስትለቀው የመጀመሪያው ጠብታ እጅጌው ላይ አርፎ ቡናማ ሆኖ ወረደ። ስንት ዓመት የዘለቀ ላብ!

"ኮቴን! ኮቴን አበላሸችው!" ብሎ ጮኸ ፎቶ አንሺው። ከማዶ ቁልፉ ተነሣ። "ኮቱ ከራሰ የዛሬ ሥራ አበቃ! ሰልፍ በትኑ!"

ያን ጊዜ ሰልፈኛው ጮኸ። በቁልፉ ላይ ቢጮኽ ጥሩ፤ የጮኸው በእሷ ላይ ነው። አንዲቷ "ምቀኛ!" አለቻት፤ ሌላው "እብድ ናት፣ ያዟት!" አለ። አጣቢዋ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከኮቱ ይበልጥ እነሱ ሸተቷት። ዞር ብላ ቧንቧውን ይበልጥ ልትከፍተው እጇን ሰደደች።

አዛውንቷ እየተንገዳገዱ መጥተው እጇን ያዙት። መዳፋቸው ደረቅና ቀላል ነበር።

"ልጄ፣ እውነትሽን ነው። እኔም ሸቶኛል።"

"ታዲያ ይተዉኝ፣ ልጠበው!"

"እድፉ ለነገም ይደርሳል፤ እኔ ግን ለነገ አልደርስም። ልጄን ካየሁ ስንት ዘመኔ? ዛሬ ካልገባሁ በዚህ ጉልበቴ ሁለተኛ አልመለስም።"

ውሃው ይወርዳል። ከማዶ ቁልፉ የበሩን እጀታ ይዞ ይጠብቃል፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም፤ የለመደውን ድራማ እንደሚያይ ሰው ያዛጋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው።

አጣቢዋ አዛውንቷን አየች። ስታያቸው በሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛችውን እህቷን አሰበች፤ ኮቱን የለበሰችው ለማን እንደነበር አሰበች።

ቧንቧውን ዘጋችው።

የራሰውን እጅጌ እንደ ላውንደሪ ሠራተኛ በሁለት ምት ጨመቀችው፣ አራገፈችው፣ በሁለት እጇ ከፍታ ከአዛውንቷ ጀርባ ያዘችላቸው።

"በጣም ይሸታል እንዴ?" አሉ አዛውንቷ፣ ክንዳቸውን ወደ ኋላ እየዘረጉ።

"ይሸታል፣ እማማ። ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉ።"