ፉጨቱ የፍሎስ ነው

ደግሞ ነፋው፣ ይኸው፣ አንድ ረጅም ሁለት አጭር፣ በቀኝ ዙሪ ማለት ነው፣ እሷም ሰማች፣ ጆሮዋ ቆመ፣ ተኚ ፍሎስ፣ አንቺን አይደለም፣ ካፕን ነው፣ ያንን ገና ጥርሱን ያልጨረሰ ውሻ ነው የሚያዘው፣ ግን እንዴት ብዬ ላስረዳት፣ ከቡችላነቷ ጀምሮ ይህን ፉጨት በሰማች ቁጥር በተራራው ቀኝ በኩል በርራ በጎቹን ከኋላ ትከባለች፣ ዕድሜዋን በሙሉ ሥራዋ ይኸው ነው፣ አሁንም የፊት እግሮቿን ተክላ የኋላዎቹን ለማስከተል ትታገላለች፣ ዳሌዋ እምቢ ይላታል፣ ጥፍሯ በድንጋዩ ወለል ላይ ይንሸራተታል፣ ያ የጥፍር ድምፅ አንጀቴን ይቆርጠዋል፣ ተኚ አልኩሽ እኮ።

አትተኛም። ትንቀጠቀጣለች።

ገቲን። የልጄ ባል። እግዜር ይይልህ።

ሁለት ውሻ ያለው ሰው ለየራሳቸው ፉጨት ያወጣላቸዋል፣ አንዱ ሲታዘዝ ሌላው እንዳይነሳ፣ በዚህ ሸለቆ ይህን የማያውቅ እረኛ የለም፣ ጎረቤታችን ሂው እንኳ ሰክሮም ያውቀዋል፣ ገቲንም ያውቃል፣ አውቆ ነው፣ ካፕን ሲያሰለጥን አጥሩን ተደግፌ እያየሁ ይሄ እኮ የፍሎስ ነው ሌላ አውጣለት አልኩት፣ ምን ችግር አለው አባባ፣ አፌ የለመደው ይህንን ነው፣ እሷ እንደሁ የዘንድሮን ብርድ አትሻገርም። አትሻገርም። እሷ እግሬ ሥር ተኝታ። እሷን ብሎ እኔን ያያል፣ ዱላዬን ያያል። ይኸው ተሻገረችው፣ በጋ ገባ፣ የበግ ፀጉር ሸለታ ቀን ደረሰ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በጎቹን ከተራራው ሊያወርድ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ላይ ነው፣ እሷም አለች፣ እኔም አለሁ፣ ምን ይሁን።

እና በነጻ አይደለም የተሻገረችው። ሐኪሟ ነገረችኝ፣ ክብደቷን ቀንሱላት፣ እያንዳንዱ ኪሎ የሚያርፈው ዳሌዋ ላይ ነው፣ ከቀዝቃዛ ወለል አንሷት፣ አጭር አጭር መንገድ አስኬዷት፣ ሩጫና ዝላይ የለም፣ ባለ አራት ጎማው የእርሻ ሞተር ላይ ዘልሎ መውጣትማ ጨርሶ፣ እሺ አልኩ፣ ሚስቴ ኔስታ ከጠረጴዛ ሥር የምታቀብላትን ዳቦ አስቀረሁ፣ በዚህ አኮረፈችኝ፣ ውሻ ቤት አይገባም እያልኩ የኖርኩ ሰውዬ ከበረት አውጥቼ ምድጃው አጠገብ አመጣኋት፣ አባቴ ቢያይ አያናግረኝም ነበር፣ ካፖርቴን አነጠፍኩላት፣ ክኒኗን አይብ ውስጥ እደብቃለሁ፣ አይቡን በልታ ክኒኑን ትተፋዋለች፣ እንደገና እደብቃለሁ፣ ጠዋት ሰውነቷ ግትር ሲል ጭኗን በሞቀ ፎጣ አሻታለሁ፣ ደረጃ ላይ ፎጣውን በሆዷ ሥር አሳልፌ ደገፍ አደርጋታለሁ፣ እኔ በዱላ እሷ በፎጣ፣ የእኔን ዳሌ ሆስፒታል ቀይረውልኛል፣ ለእሷ ማን ይቀይርላታል። ደግሞ ሠርቶላት ነበር። ሚያዝያ ላይ እስከ ወንዙ ሄደን መጣን፣ ሳታነክስ፣ ጅራቷን እየቆላች፣ ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ ማንም አያየኝም ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ያ ሰው ይነፋል።

ባለፈው ሳምንት በሩ ገርበብ ብሎ ሰማችው፣ ወጣች፣ የድንጋይ ካቡን ልትዘል ሞክራ ወደቀች፣ በማግስቱ መቆም አቃታት፣ ሽንቷን እንድትሸና ተሸክሜ አወጣኋት፣ ፊቷን ከእኔ አዞረች፣ አፈረች፣ ውሻ አያፍርም ያለ ሰው ይምጣና ይጠይቀኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለመንኩት፣ እኔ፣ የእጄን መሬት የሰጠሁት ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ በአፍህ እዘዘው አልኩት፣ በዚያ ነፋስ በአፍ ማን ይሰማል አባባ፣ ሂው ከጎኑ ቆሞ፣ ኤምሪስ ለምን ጆሮዋን በጥጥ አትደፍንላትም፣ ለራስህም ይተርፍሃል አለኝ፣ ሳቁ፣ ሁሉም ሳቁ፣ ሻይ ጠጥተው ወጡ።

ደግሞ ነፋ። በግራ። ፍሎስ በግራ ልትዞር ጠረጴዛውን ትገፋለች።

ኔስታ መስኮቱን ዝጊው። አልዘጋም፣ ለዚህ ሁሉ ሸላች ሾርባ ጥጄ በዚህ ሙቀት ልታፍነኝ ነው እንዴ፣ አንተ ይልቅ ውሻህን ያዛት፣ እግሬ ሥር ገብታ ፈልቶ እንዳይደፋባት። ይዣታለሁ፣ አንገቷን አቅፌያለሁ፣ ልቧ ክንዴ ላይ ይመታል፣ በአፌ ተኚ ብላትም አትሰማኝም፣ ከሩቅ የመጣ ፉጨት እያለ ወሬ አትሰማም፣ እኔው ነኝ እንደዚያ ያስተማርኳት፣ ብትጮህ እንኳ ይሻለኝ ነበር፣ ሥራ ላይ ጮኻ አታውቅም፣ ዝም ብላ ነው የምትሰበረው።

የድሮ የእረኝነት ፊሽካዬ። ሚስማሩ ላይ፣ ከባርኔጣዬ ሥር።

ሰው ሠራሽ ጥርሴን አወጣለሁ፣ ከእሱ ጋር መንፋት አይሆንም፣ ኔስታ ታየኛለች፣ ምን ልታደርግ ነው አንተ ሰውዬ፣ ጠፍጣፋውን ቆርቆሮ ምላሴ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ዝገት ዝገት ይላል፣ አንድ ረጅም፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ተኚ።

ፍሎስ ወለሉ ላይ እጥፍ አለች። ካፖርቱ ላይ፣ አገጯ እግሬ ላይ፣ በረጅሙ ተነፈሰች። ይኸው። ይኸው የኔ እመቤት።

ከዚያ ኔስታ ከመስኮቱ፣ ኤምሪስ፣ ካፕም እዚያ ላይ ተኝቷል አለችኝ።

በመስኮቱ አያለሁ፣ ነጩ የበግ ጎርፍ ወደ በሩ እየወረደ ነበር፣ ከኋላው ጥቁሩ ውሻ ሣሩ ላይ ተለጥፏል፣ እና በጎቹ ቆሙ፣ አንዷ አሮጊት በግ ዞረች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፣ ሰዎቹ ይጮኻሉ፣ ገቲን ነፋ፣ ተነስ፣ ፍሎስ ጆሮዋን አቆመች፣ እኔም ነፋሁ፣ ተኚ፣ ሁለቱም ተኙ፣ ነፋ፣ ነፋሁ፣ በጎቹ እየሮጡ ወደ ተራራው ይመለሳሉ፣ የጠዋቱ ሥራ ሁሉ ይመለሳል፣ ኔስታ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማለች፣ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እየሳቀች ነው።

የገቲን ሞተር ይሰማኛል፣ እየወረደ ነው፣ ይምጣ፣ አልነሳለትም፣ እግሬ ተይዟል። በሩ ተበረገደ። አባባ ምን ነካዎት፣ የሰው ጉልበት ነው እኮ፣ በጎቹ ሁሉ ተመለሱ፣ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። አፌ ውስጥ ፊሽካ አለ። ገቲን ፍሎስን አያት፣ ካፖርቱን አየው፣ ፎጣውን አየው፣ ድምፁ ወረደ፣ እሺ፣ ገብቶኛል፣ ሌላ ፉጨት አወጣለታለሁ፣ ነገ፣ ዛሬን ብቻ ይተዉልኝ።

ነገ።

እሷ አንድ ዛሬ ነው ያላት፣ እሱንም በዳሌዋ ላይ ሊጨርስባት፣ ነገ ይለኛል፣ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ እግሬን ሳላንቀሳቅስ፣ ሂድ፣ ውጣ፣ ሞክር፣ እሷ እዚህ ተኝታለች፣ ካፕም እዚያ ላይ ሣሩ ውስጥ ተኝቷል፣ አሁን እያንኮራፋች ነው፣ እሷ እያንኮራፋች እኔ መንፋት አይደክመኝም።