ዋሱን ጥሎ የሄደው መኪና

እኔ ቁጡ ነኝ። ሚስቴም ልጆቼም ያውቁታል፤ ወረታ ገበያ ላይም ቁጣዬን ያልቀመሰ ሰው ጥቂት ነው። ግን የወንድሜ የአንለይ ሰርግ ዕለት እንዳዋረደኝ አዋርዶኝ አያውቅም።

ዘመኑ ሃምሳ አምስት ነው። ዕለቱ የቅበላ እሑድ፤ በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል። ሰርጉ አምና ሊሆን ታስቦ አባታችን ሞቱብንና ቀረ። የሙሽራይቱ አባት አቶ አለኸኝ አንድ ዓመት ታገሡ። ከዚያ በኋላ ግን ቁርጡን ላኩብን፤ የቅበላ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጄ አገኘሁሽ ከደጄ ካልወጣች ቃሉ ፈርሷል፣ ለሌላ እድራታለሁ አሉ። አንለይ ደግሞ ስለ እሷ እህል ውኃ አላሰኘው ብሏል። እሷን ካጣሁ አገር ለቅቄ እጠፋለሁ እያለ እናታችንን ያስለቅሳታል።

አባት የለንምና ሰርገኛውን የማጓጓዙ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። አርባ ሰው ከወረታ ተነሥቶ፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ፣ ወንዛዬ አጠገብ አቶ አለኸኝ ቤት መድረስ አለበት። በቅሎ ልዋስ ብዬ ፎገራን አካለልሁት። በቅበላ ሰሞን ያልዳረና ያላገባ ማን አለ? በቅሎ ያለው ሁሉ አስቀድሞ ለዘመዱ ቃል ገብቷል። አንዱማ ከፈለግህ አህያ አለችኝ ብሎ አላገጠብኝ። ደሜ ፈልቶ ተመለስሁ።

በመጨረሻ የአባታችን ወዳጅ የነበሩት ነጋዴው መሐመድዘይን መኪናቸውን ሰጡኝ። ኑግ የሚጭኑበት፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጣሊያን የጭነት መኪና ነው፤ ልጃቸው መሐመድሰዒድ ይነዳዋል። እኔም ኮራሁ። በእኛ ሰፈር በመኪና የሄደ ሰርገኛ አልነበረማ። ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ የቀረው ከኋላ ነው። አሰብሁ አሰብሁና ጋቢናውን ለአንለይና ለአንደኛ ሚዜው ሰጠሁ። ነጭ ለብሰዋል፤ የመንገዱ አቧራ ደግሞ አያድርስ ነው። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሰዉ የመኪናውን የጎን አጥር፣ ስፖንዳውን፣ እየረገጠ ሲወጣ አያ በላቸው መጡ። የአባታችን ታላቅ ወንድም ናቸው። ለጋብቻው ዋስ የሆኑትም እሳቸው ናቸው፤ አንለይ አገኘሁሽን ቢበድላት አቶ አለኸኝ የሚይዙት እሳቸውን ነው። ቀጥ ብለው ወደ ጋቢናው ሄዱ፤ ሁለት ጎረምሳ ተቀምጦበታል። ዞረው አዩኝ። ከኋላ እንዲወጡ ነገርኋቸው።

"እኔ እህል ነኝ ተጭኜ የምሄደው?" አሉ።

ስለ ነጩ ልብስ፣ ስለ አቧራው ላስረዳ ሞከርሁ። አልሰሙኝም። ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለመሆኑ፣ ካሴ፣ ሙሽራይቱን..." ብለው ሲጀምሩ የሳምንቱ ንዴት ሁሉ አንድ ላይ ወጣብኝ።

"ካልወጡ ይቅሩ! ሰርጉ በእርስዎ አይቆምም!" አልሁ።

ይህን ያልሁት በሰው ሁሉ ፊት ነው። አያ በላቸው ጋቢያቸውን አጣፉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አንለይ ሊከተላቸው ሲወርድ የጋቢናውን በር እኔው ዘጋሁበት። ዋስ እንደሆነ እኔም እሆናለሁ ብዬ መኪናውን አስነሣሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ወለምታው ገና አልተሰማኝም።

ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን። ዳሱ ሞልቷል። አቶ አለኸኝ ወጥተው ዓይናቸውን በሁላችንም ላይ አሳለፉና አያ በላቸውን አጡ። ታመው ነው ልል ነበር፤ አልሆነልኝም። እውነቱን ተናገርሁና እኔ ዋስ ልሁን አልሁ። ሽማግሎች ለመኑልኝ። አቶ አለኸኝ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ ልጄን የሰጠሁት የበላቸውን ቃል አምኜ ነው" አሉ። "የገዛ ዋሳችሁን ጥላችሁ የምትመጡ ሰዎች ልጄንስ የት ትጥሏት?"

አንለይን አየሁት፤ አቀርቅሮ እንባው በዚያ ከአቧራ ባዳንሁለት ነጭ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድሁ።

መሐመድሰዒድ ክንዴን ያዘኝ። ፀሐይዋን አየት አድርጎ፣ ወረታ ደርሶ መመለስ ይቻላል፣ ግን አሁኑኑ አለኝ። ባዶ መኪና እየተንገጫገጨ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ አያ በላቸው እሺ ባይሉስ?

ጉማራ ድልድዩን ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን ከፊታችን ግላስ የለበሰች በቅሎ ስትመጣ አየን። አያ በላቸው ናቸው። መሐመድሰዒድ ፍሬን ያዘ። ዘልዬ ወረድሁና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቼ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ እግራቸው ሥር ተደፋሁ። ይማሩኝና ጋቢና ይግቡልኝ አልሁ።

"ድንጋዩን ጣል" አሉ። "ለመሆኑ፣ ካሴ፣ ሙሽራይቱን በምን ልታወጣት አስበህ ነበር?"

ክው አልሁ። አርባውን ሰው ስቆጥር እሷን አልቆጠርኋትም። በእኛ አገር ልጃገረድ ከአባቷ ደጅ በበቅሎ ነው የምትወጣው፤ አቶ አለኸኝ ልጃቸውን ከደጃቸው ኑግ በሚጫንበት መኪና አይሰዱም። አያ በላቸው ጠዋት ሊነግሩኝ የነበረውም ይኸንኑ ነው። ቤታቸው የተመለሱት በቅሏቸውን ሊጭኑ ኖሯል። አኩርፈው የቀሩ መስሎኝ እንደነበር ብነግራቸው፣ "አኩርፌያለሁ፤ ልጁ ግን ምን አደረገኝ?" አሉኝ።

አሁን ዋሱም በቅሎዋም መድረስ አለባቸው። በእግሯ ከሆነ ፀሐይ ትቀድማታለች። መሐመድሰዒድ ዙሪያውን ቃኘና በሬ የምንጭነው እንዲህ ነው ብሎ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ከመንገዱ ዳር ካለው ጉብታ ጋር አገናኘው። በቅሎዋ ግን በጀ አልል አለች። እኔ ስስብ፣ እሱ ሲገፋ፣ ጭራሽ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። ፀሐይዋ እየወረደች ነው፤ እኔ ደግሞ ልሳደብ ምንም አልቀረኝም። አያ በላቸው ዞር በል አሉኝና ጋቢያቸውን አውልቀው ዓይኗን ሸፈኑላት። አንገቷን እያሻሹ ራሳቸው አስገቧት።

እሳቸው ጋቢና ገቡ። እኔ ከኋላ ልጓሟን ይዤ ከበቅሎዋ ጋር ቆምሁ። ጉማራ ድልድይ ላይ ታፋዬን አንዴ ረገጠችኝ፤ አንገቷን አሻሸሁላት። ምን አፍ አለኝ?

ስንደርስ እንግዳው ከዳሱ ወጥቶ ቆሟል፤ መሄድ የጀመረም ነበር። አያ በላቸው ወርደው ወገባቸውን አቀኑና፣ "ዋሱ እኔ ነኝ፤ ምስክሮቹን ጥሩ" አሉ። ቃሉ ተፈጸመ። አገኘሁሽ በበቅሎዋ ላይ ሆና፣ ሚዜው እየደገፋት ከአባቷ ደጅ ስትወጣ ፀሐይዋ በጣና በኩል ግማሿ ገብቷል። አቶ አለኸኝ የቀረችውን ግማሽ አዩና መንገድ ለቀቁላት።

ዋናው መንገድ ላይ ሙሽራይቱን ከአንለይ ጋር ጋቢና አስገባናት፤ በቅሎዋን ሚዜው ተቀብሎ ወደ ወረታ ነዳት። ያን ጊዜ ልቤ ድንግጥ አለ። ጋቢናው እንደገና ሞላ፤ አያ በላቸው የት ሊሆኑ ነው? አንለይን ውረድ ልለው አፌን ስከፍት አያ በላቸው አልፈውኝ ሄዱ። ጎማውን ረግጠው ስፖንዳውን ያዙ፤ ጉልበታቸው ግን እንቢ አላቸው። ዞረው አዩኝ።

"ምን ታየኛለህ፣ ግፋኝ እንጂ። እህል ነኝ።"

ማልቀሴን ሰው እንዳያይብኝ ጎንበስ አልሁላቸው። ድንጋዩን የተሸከምሁበትን ትከሻዬን ረግጠው ወጡ።