ዶማ የማይነሣበት ቀን

ሁለት ሐሙስ ሙሉ ሰቆጣ መሃል ባዶ ሜዳ ስጠብቅ ዋልሁ። ገበያውን ያሰብሁት እኔ ነኝ። ገበሬው ያመረተውን ያለ ደላላ ለከተማው ሰው ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ሻጭ ደግሞ ካመጣው ላይ አንድ ጣሳ ለእናቶች ማቆያ ይሰጣል። ማቆያው ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ነፍሰ ጡሮች እስኪወልዱ የሚያርፉበት ቤት ነው። አልጋ አለው፤ እህል የለውም። ስንቃቸው ሲያልቅ ሴቶቹ ሳይወልዱ ወደመጡበት ተራራ ይመለሳሉ።

ማዘጋጃ ቤቱ ሜዳውን የፈቀደልኝ ለሦስት ቀን ብቻ ነበር። ሦስተኛውም ባዶ ከዋለ ለብሎኬት አምራች ይሰጣል።

«ዲግሪ! ዛሬም ጥላሽን ነው የምትሸጪው?» አለኝ ካሤ በሁለተኛው ሐሙስ። ካሤ ደላላ ነው። ከተማው መግቢያ ድልድይ ላይ ቆሞ ገበሬውን ከነአህያው ያስቆምና ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል።

«ገበሬው ሰነፍ ሆኖብኝ ነው» አልሁት። ከልቤ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ እትዬ ውዴን ከሽንኩርት ማሳቸው አገኘኋቸው። እመጣለሁ ብለው ቃል ከገቡልኝ አንዷ ናቸው።

«ለምን ቀሩ?» አልኋቸው።

«መጀመሪያ እንደምን ዋሉ ይባላል።»

«እንደምን ዋሉ። ለምን ቀሩ?»

«ሐሙስ የመስኖ ተራዬ ነው። ተራዬ ካለፈኝ ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ሽንኩርቱ ግን አይጠብቀኝም። የነዚህ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ነው» ብለው ወደ ጎረቤቶቻቸው አመለከቱ።

«ታዲያ ሁላችሁም ሥራ የምትፈቱት መቼ ነው?»

ጎረቤቶቻቸው በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁብኝ። «አንቺ የማን አገር ሰው ነሽ?» አሉ እትዬ ውዴ። «በሚካኤል ነዋ! በሚካኤል ማን ዶማ ያነሣል? ቦዩም ይዘጋል።»

የመመረቂያ ጽሑፌ የበዓላት ቀን የገበሬውን የሥራ ጊዜ እንዴት እንደሚበላ የሚያትት ነበር። አርባ ሰባት ገጽ ነው፤ ኤ አግኝቼበታለሁ። ገበሬው በዚያ ቀን ወዴት ይሄዳል ብዬ ግን አንድም ገጽ ላይ አልጠየቅሁም።

ከዚያው ወደ አጥቢያው ቄስ፣ ወደ አባ ገብረ አምላክ ወረድሁ።

«በሚካኤል ይነገድ ነው የምትዪኝ?»

«የሚሰጡት ለነፍሰ ጡሮች ነው አባ።»

«ምን ያህል?»

«አንድ አንድ ጣሳ።»

«በሚካኤል ስም ከሆነ ሁለት ይሁን» አሉ። «እንዲያ ከሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔው ራሴ እናገራለሁ።»

ሦስተኛውን ቀን ወደ ሰኞ፣ ሚካኤል ወደሚውልበት ወደ ወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን አዛወርሁት። ረፋዱ ላይ ሜዳው እንደ ልማዱ ጭር ብሎ ነበር። ካሤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጠምጣል። «በበዓል አህያ አይጫንም፤ ግቢና ተኚ» አለኝ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ከድልድዩ ማዶ አቧራ ተነሣ። ነጠላ የለበሰ ሰው፣ አህያ፣ ደግሞ ሰው፣ ደግሞ አህያ። ካሤ ሸንኮራውን ጥሎ ሮጠ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ዋጋ ጠራ።

«ዞር በል ካሤ! ዛሬ በዓል ነው፤ ዋጋ አይቆረጥም!» አሉት ከፊት የሚመጡት እትዬ ውዴ። ሰልፉ በሳቅ አልፎት መጣ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሽንኩርቱ፣ ምስሩ፣ ማሩ አለቀ። ካሤም ወደ ደንበኞቹ ባዶ እጁን መመለስ አፍሮ ተሰልፎ ገዛ።

«ሁለት ጣሳህስ?» አሉት እትዬ ውዴ።

«እኔ ገዢ ነኝ እኮ!»

«እስከ ትናንት ሻጭ አልነበርህም?»

ሰጠ።

ያን ቀን አሥራ አንድ ጆንያ ወደ ማቆያው አስገባን። አንዲት ከደሃና ወረዳ የመጣች ነፍሰ ጡር ለመሄድ ዕቃዋን ጠቅልላ በር ላይ ቆማ ነበር። ጆንያዎቹን ቆጠረች፤ ጥቅልሏን ፈታች።

የብሎኬቱ ሰውዬም ሜዳውን ሊለካ ሜትር ይዞ መጥቶ ነበር። መቆሚያ አጣ። ሽንኩርት ገዝቶ ሄደ።